ከጅማ ከተማ ወጣ ሲባል የሚይዝ ርካሽ ሲም፦ 09 ወይስ 07? ጥቅሉስ የትኛው?

ጥያቄ፦ የጌራ_መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ኮቺ ነው። በወር ከ10 እስከ 12 ቀን ግን ገጠር እወጣለሁ፤ ሰቃ፣ ሸቤ፣ አጋሮን አልፎ ጌራ፣ አንዳንዴ ዴዶ። የሚያስፈልገኝ ሦስት ነገር ነው፦ በቀን 20 ደቂቃ ያህል መደወል፣ የቡና ናሙናና የደረሰኝ ፎቶ በቴሌግራም መላክ፣ በቴሌብር ለገበሬ መክፈል። በእጄ ያለው ሁለት ሲም የሚይዝ አሮጌ አንድሮይድና አንድ ቁልፍ ስልክ ነው። ለካርድ የመደብኩት በወር 300 ብር ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ከተማ ውስጥ ሁሉም ይሠራል፤ ጣጣው ከአስፋልቱ ሲወጣ ነው። የትኛውን ሲም ልያዝ? የትኛውን ጥቅል ልግዛ? «እኔ የምጠቀመው አሪፍ ነው» ብቻ የምትሉ እለፉኝ፤ ምክንያቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ ባለማማ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሽፋንና ጥቅልን ለያያቸው። ጥቅል ሽፋን አይጨምርም። የ5 ብሩንም የ500 ብሩንም ጥቅል የሚያስተናግደው ያው አንድ ማማ ነው። ስለዚህ ቀድመህ የምትመርጠው ሲሙን ነው፤ የጥቅሉ ነገር በኋላ ይመጣል።

ኢትዮ ቴሌኮም (09) አገሩን ለረጅም ዘመን ብቻውን ይዞ ስለኖረ ገጠር ውስጥ የቆየ የ2ጂ መረብ አለው። ሳፋሪኮም (07) ለሕዝብ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው፤ የዘረጋውም ከከተሞችና ከዋና መንገዶች ተነስቶ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ገጠር ከሆነ 09» ማለት መነሻ ይሆናል እንጂ መልስ አይሆንም። አንድ ቀበሌ ላይ 07 ብልጫ ሊኖረው ይችላል፣ ኮረብታውን ስትሻገር ደግሞ ይገለበጣል። ማማ ላይ የሁለቱን ድርጅት አንቴና አየሁ ብለህም አትታለል። ማማ መጋራት ሌላ፣ ኔትወርክ መጋራት ሌላ ነው።

አሁን ለምን እንደሚቆራረጥ። እዚህ አገር 2ጂ በብዛት የሚሠራው በ900 ሜጋኸርዝ ነው፤ 4ጂ በ1800፣ 3ጂ በ2100። ዝቅ ያለው ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ጥምዝ ላይም ትንሽ ይታጠፋል፣ ግድግዳ ውስጥም ይሻላል። ለዚህ ነው ከአጋሮ እየራቅህ ስትሄድ መጀመሪያ 4ጂ ጠፍቶ በመጨረሻ 2ጂ ብቻ የሚቀረው። ዴዶን አልፎ ወደ ጎጀብ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማማው ከሸንተረሩ ጀርባ ይቀራል፤ እዚያ የትኛውም ሲም አያድንህም፣ ወደ አፋፉ መውጣት ብቻ ነው። ደን ውስጥም እንደዚሁ ነው። በለጠ ጌራ ውስጥ ክረምት ላይ የሚብሰው እርጥብ ቅጠል ሞገድ ስለሚውጥ ነው።

ስለዚህ ለካ። በስልኩ ላይ ያሉት «ባሮች» ስልክ ሠሪው እንደፈለገ የሚሥላቸው ናቸው፣ አትመናቸው። አንድሮይድ ላይ ወደ ቅንብር ግባ፣ «ስለ ስልኩ»፣ ከዚያ «ሁኔታ»፣ ከዚያ «የሲም ሁኔታ»፤ የሲግናሉ ኃይል በዲቢኤም ይታይሃል። ሳምሰንግ ከሆነ *#0011# ጻፍ። ብዙዎቹ ሌሎች አንድሮይዶች *#*#4636#*#* ይቀበላሉ።

ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል። 4ጂ ላይ ከ-95 የተሻለ ከሆነ ምንም አትጨነቅ፤ -105 አካባቢ ይሠራል ግን ይዘገያል፤ ከ-115 ወዲያ ፎቶ መላክ ትግል ነው። 2ጂ ላይ መለኪያው ሌላ ነው፦ -85 በቂ፣ -100 ድምፅ የሚቆራረጥበት፣ -105 ጠርዙ። የ4ጂን -100 ከ2ጂ -100 ጋር አታወዳድር፣ ሁለቱ አንድ ነገር አይለኩም። 3 ዲቢ ልዩነት ኃይሉን እጥፍ ነው፣ 10 ዲቢ ደግሞ አሥር እጥፍ፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሁለት እርምጃ መራቅ ብቻውን ነገር ይቀይራል።

ሁለቱን ሲም ይዘህ በምትቆምባቸው ቦታዎች ሁሉ ጻፍ፦ ቦታው፣ 2ጂ/3ጂ/4ጂ፣ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ። ሰዓቱን አትርሳ። የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ባሩ ሙሉ ሆኖ ጥሪ እምቢ ካለ የሲግናል ችግር ሳይሆን ማማው ተጨናንቆ ነው። 3ጂ በተለይ ሰው ሲበዛበት ሽፋኑ ራሱ ይጠብባል፤ ጠዋት የያዘህ ቦታ ቀትር ላይ ላይይዝህ ይችላል። መብራት ሲጠፋም ማማው በባትሪ ነው የሚቆየው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው 4ጂ ነው፣ 2ጂ ይቆያል።

መልስ፦ ቀፎ_ጠጋኝ_መርካቶ

ባለማማ ያለው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ጥፋት ያለው ስልኩ ላይ ነው።

ብዙ አሮጌ ሁለት ሲም ስልኮች ላይ አንዱ ማስገቢያ ብቻ ነው 3ጂና 4ጂ የሚያነበው፤ ሁለተኛው 2ጂ ብቻ ነው። ሰው 07ን ሁለተኛው ላይ ይከትና «ኢንተርኔቱ ሞቷል» ይላል። በቅንብር ውስጥ «የዳታ ሲም» የሚለውን ብትቀይር የማይቀየር ከሆነ ሲሞቹን አውጥተህ ቦታ አለዋውጥ። ስልኩ የትኞቹን ሞገዶች እንደሚይዝ ለማወቅ *#06# ብለህ በሚመጣው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ሳይሆን በሞዴሉ ስም ፈልግ። ለዚህ አገር ቢያንስ 2ጂ 900፣ 3ጂ 2100፣ 4ጂ 1800 (ባንድ 3 ይሉታል) ሊኖረው ይገባል። ለሌላ አገር የተሠራ «ሳልቫጅ» ስልክ አንዳንዴ ባንድ 3 የለውም። እንደዚያ ከሆነ ሲም ብትቀይር ዓመቱን ሙሉ ለውጥ የለም።

ሲሙ ራሱም ያረጃል። ድሮ የወጣ፣ በመቀስ የተቆረጠ ሲም 4ጂ ላይደግፍ ይችላል። መታወቂያህን ይዘህ አገልግሎት ማዕከል ሄደህ ቁጥሩን ሳትቀይር አዲስ ሲም አስወጣ።

ቆርቆሮ ደግሞ ትልቁ ሌባ ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ መጋዘን ውስጥ ገብተህ ኔትወርክ አትጠብቅ፤ ብረት ሞገድን ይመልሳል። ሣር ክዳን ቤት ከዚህ ይሻላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አንድሮይዱን ሆትስፖት አብርተህ ውጭ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ማማው ባለበት በኩል ስቀለው፤ አንተ ቤት ውስጥ ሆነህ ዋይፋይ በሚይዝ ሌላ ስልክ ተጠቀም። ዝናብ ካለ ላስቲክ ውስጥ አድርገው፣ ላስቲክ ሞገድ አይከለክልም። የብረት ወይም የማግኔት መሸፈኛ ካለው አውልቅ።

«ኔትወርክ ማጉያ» እያሉ የሚሸጡትን ሣጥን አትግዛ። ያለፈቃድ የተተከለ ማጉያ ማማውን ራሱ ይረብሻል፣ የመንደሩን ሁሉ ኔትወርክ ያበላሻል። ከስልኩ ጀርባ የሚለጠፈው ወርቃማ ተለጣፊማ ወረቀት ነው፣ ሌላ ምን ልበል።

ባትሪም እይ። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ኃይሉን ጨምሮ ይፈልጋል፣ ባትሪው በግማሽ ቀን ያልቃል። ጌራ ስትገባ ቁልፍ ስልኩን ለጥሪ ተጠቀም፣ አንድሮይዱን ፎቶ እስክትልክ «አውሮፕላን» ላይ አድርገው።

መልስ፦ ሒሳብ_አታሳስቱ

ስለ ብሩ እኔ ልናገር። የጥቅል ዋጋ ስለሚቀያየር እዚህ ቁጥር ብጽፍ ነገ ውሸት ይሆናል። የዕለቱን ዋጋ 09 ላይ *999#፣ 07 ላይ *777# ብለህ እይ። ቀሪህን 09 ላይ *804# ይነግርሃል።

መጀመሪያ የምትፈልገውን ስፈር። 20 ደቂቃ በቀን ማለት በወር 600 ደቂቃ ነው። ፎቶህስ? ቴሌግራም ፎቶን ሲያሳንሰው ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ይሆናል። በቀን 20 ፎቶ 3 ሜጋባይት፣ ለ12 ቀን ደግሞ 36 ሜጋባይት ብቻ ነው! ጊጋ የሚበላህ ሥራው ሳይሆን በራሱ የሚወርደው ቪዲዮ ነው። ቴሌግራም ቅንብር ውስጥ «ዳታና ማከማቻ» ግባና በሞባይል ዳታ በራሱ የሚያወርደውን ሁሉ አጥፋ። ፎቶውን «እንደ ፋይል» አትላክ፤ 4 ሜጋባይት ፋይል በ2ጂ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ የታመቀው ፎቶ ግን በ12 ሰከንድ ገደማ ይሄዳል።

ስለዚህ ለአንተ ወርኃዊ ትልቅ የዳታ ጥቅል ኪሳራ ነው። የምትወጣባቸው 12 ቀኖች ላይ አብዛኛው ቦታ 2ጂ ከሆነ ጊጋውን ልጨርስ ብትልም አትችልም። የድምፅ ጥቅሉን ወርኃዊ አድርግ፣ ዳታውን በምትወጣበት ሳምንት ብቻ ትንሿን ግዛ።

ሳትገዛ በፊት የምታነበው፦ ደቂቃው ወደ ሌላው ኔትወርክም ይሠራል ወይስ በራሱ ውስጥ ብቻ? የምትደውልላቸው ገበሬዎች 09 ከሆኑና ጥቅልህ ወደዚያ የማይሠራ ከሆነ ጥሪው በሙሉ ከዋናው ሒሳብ ይቆረጣል። የቀን ጥቅል ከገዛህበት ሰዓት 24 ሰዓት ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል? የሌሊት ጥቅል ከሆነም ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑን አስተውል፤ «ከ6 ሰዓት ጀምሮ» የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ተርጉመው ስንቱ ተበልቷል። በራሱ የሚታደስ ከሆነ አጥፋው።

«ሳምንታዊ አራቴ ብገዛ ከወርኃዊ እኩል ነው» የሚል አለ። አይደለም። አራት ሳምንት 28 ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ብትገዛ 13 ወር ትከፍላለህ። (ጳጉሜ እንኳ ይህን ያህል አትረዝምም።)

ትልቁ ቀዳዳ ግን ይህ ነው፦ ጥቅሉ ሲያልቅ ዳታ ክፍት ከሆነ በቀጥታ ከካርድህ በውድ ታሪፍ ይቆርጣል። 300 ብሩን በአንዴ ካርድ አትሙላ። ቴሌብር ላይ አስቀምጠውና ጥቅሉን ከዚያ በቀጥታ ግዛ፤ ዋናው ሒሳብ ባዶ ከሆነ የሚቆረጥ የለም። በ*810# የሚሰጠውን የካርድ ብድርም ተወው፣ የአገልግሎት ክፍያ አለው።

መልስ፦ የጌራ_መንገደኛ

እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ። ማስታወቂያ እንዳይሆን የሲሞቹን ስም ልተወው። በብዛት የማድርባቸው ቦታዎች ላይ አንዱ ሲም 2ጂ -88 ነው፣ 4ጂ የለውም። ሌላው 4ጂ -117 ያሳያል፣ 2ጂ -103። ሁለተኛው 4ጂ ስላለው እሱን ልያዝ? ደግሞ ቴሌብር ላይ በ*127# ኮዱ ስከፍል መሃል ላይ ይቋረጣል። ገንዘቡ ይሂድ አይሂድ አይታወቅም።

መልስ፦ ባለማማ

አትያዝ። 4ጂ -117 ስም ብቻ ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ወደ 2ጂ ይወርዳል፣ እሱም -103 ላይ ነው፣ ስለዚህ «ጥሪ አይቀበልም» ይባልልሃል። ዋና ሲምህ -88 ያለው ነው፤ ወርኃዊ የድምፅ ጥቅልህን እሱ ላይ፣ ቁልፍ ስልኩ ውስጥ። ያ ሲም 09 ከሆነ ቴሌብርም ኢንተርኔት ሳይፈልግ በ*127# እዚያው ቁልፍ ስልክ ላይ ይሠራል። ሌላውን አንድሮይድ ላይ ተወው፣ ወረዳው ከተማ ስትገባ ፎቶህን በእሱ ላክ።

የሚቋረጠው ስለ ሁለት ነገር ነው። ኮዱ የሚሠራው በአንድ የተከፈተ መስመር ነው፣ ምናሌው ላይ ብዙ ከቆየህ ራሱ ይዘጋል፤ ስለዚህ የተቀባዩን ቁጥርና መጠኑን ወረቀት ላይ ጽፈህ ጀምር። ሁለተኛ፣ ስልኩ መሃል ላይ ከ3ጂ ወደ 2ጂ ከዘለለ መስመሩ ይበጠሳል። አንድሮይድ ላይ የምትከፍል ከሆነ ከመጀመርህ በፊት የኔትወርክ ዓይነቱን «2ጂ ብቻ» አድርገህ ቆልፈው፣ ስትጨርስ መልሰው።

ሲቋረጥብህ ወዲያው አትድገም። ከ127 መልእክት እስኪመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፤ ካልመጣ ቀሪ ሒሳብህን አይተህ የተቀነሰ መሆኑን አረጋግጥ፣ ከዚያ ድገም። የተቀነሰና ተቀባዩ ጋ ያልደረሰ ከሆነ 994 ደውለህ የአቤቱታ ቁጥር ተቀበልና ጻፈው፤ ቁጥሩ ከሌለህ በሁለተኛው ጥሪ ከዜሮ ነው የምትጀምረው።

መልስ፦ ቀፎ_ጠጋኝ_መርካቶ

ቁልፍ ስልኩ ላይ የሲሙን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፣ የቡና አቧራ ይገባበታል።