ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ እግሬ ይተሳሰራል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከባሌ ዱላ አምልጬ እህቴ ቤት ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ፍርድ ቤት ነው፤ እሱን ሕግ ይጨርሰው።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጎህ ሲቀድ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ሩጫ ሆነ። አስፋልቱን ትቼ፣ በባሕር ዛፉ መሃል ባለችው የእግር መንገድ፣ የጤፍ ማሳውን ዞሬ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ ግን ዳገቱን ነው የምወደው። እዚያ ማንም አይጮኽብኝም፤ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ትንፋሼን ውጬ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ ከኋላዬ መጣ። ኮቴ ስሰማ ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ መንገዱ ላይ ቁጢጥ አልኩ። «ምነው እታለም፣ አመመሽ?» አለኝ፤ ደግ ሰው ነበር። መልስ እንኳ አልወጣኝም። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን አስሬ በር ድረስ እሄድና መልሼ እፈታዋለሁ።

እህቴ «አርፈሽ ተቀመጪ» ትለኛለች። ለእኔ ግን መቀመጥ ወደዚያ ቤት የመመለስ ያህል ነው።

እንዲህ ያለ ድንጋጤ ያለፋችሁ እህቶቼ፣ እንዴት ተላቀቃችሁት? በዚያው መንገድ ደጋግሞ መሄድ ይሻላል ወይስ መንገድ መቀየር? የሥነ ልቦና ባለሙያ ካላችሁ በምን ልጀምር? ደብረ ማርቆስ ጠዋት የምትሮጥ ሴት ካለችስ፣ ለጥቂት ቀን ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ ትሮጥልኛለች?