የላላ የክንድ ቆዳ ያስቆረጣችሁ እህቶች፣ እውነቱን ንገሩኝ

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ሰላም እህቶቼ። ዕድሜዬ 41 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የጨጓራ ሰርጀሪ አድርጌ 46 ኪሎ ቀንሻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስኳሬም ግፊቴም ወርዷል። ክንዴ ግን እንደላላ ቀረ። ከብብቴ እስከ ክርኔ ቆዳው ተንጠልጥሏል። በሙቀት ጊዜ ላብ ይይዘውና ይቆስላል። ባለፈው የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ እስክስታ ስወርድ በቪዲዮ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ኦገስት ላይ እንኳ ነጠላዬን ከክንዴ አላወርድም።

ሐኪም አማክሬ ነበር። ትችያለሽ አለኝ፣ ግን ያናገረኝ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሕመሙ እንዴት ነው? ጠባሳውስ? የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፣ ሰው አነሳለሁ። ከሥራ ምን ያህል ያስቀራል?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። 46 ኪሎ ቀላል አይደለም። እኔ ካደረግኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ እኔም ከጨጓራ ሰርጀሪ በኋላ ነው። እኔ ስጠይቅ ሁሉም "ቀላል ነው" ብቻ ይሉኝ ስለነበር፣ ለአንቺ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ጠባሳው። ሌላው ያልፋል፣ እሱ ግን አብሮሽ ይኖራል። ከብብት ተነስቶ በክንድሽ ውስጠኛ ወይም ኋለኛ በኩል እስከ ክርን ይወርዳል። ሐኪሜ በምክክሩ ቀን እስክሪብቶ አውጥቶ የሚቆርጥበትን ቦታ ክንዴ ላይ አሰመረልኝ። ቤት ገብቼ መስመሩን ሁለት ቀን ሳላጥበው ቆየሁ። ቡና ስቀዳ አየሁት። የልጄን ፀጉር ሳበጥር በመስታወት አየሁት። ከዚህ ጋር መኖር እችላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እችላለሁ አልኩ። አንቺም አስምርልኝ በይው። ሌላ ምንም ባትጠይቂው ይህንን ጠይቂው።

ጆሮሽን ስትበሺ ወይም የልጅነት ክትባትሽ ላይ ጠባሳው አብጦብሽ ያውቃል? ካወቀ ሳትደብቂ ንገሪው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ይበዛል። የእኔ ጠባሳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠቁሮ፣ ገመድ መስሎ ነበር። ለመለስለስ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ፈጀበት። ብብቴ አጠገብ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ አብጣ ስለቀረች ሦስት ጊዜ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ። የሲሊኮን ጄል በየቀኑ እቀባ ነበር፣ ከፀሐይም እሸፍነዋለሁ።

ስቡ በሊፖሰክሽን ብቻ ይመጠጥልሽ የሚሉሽ ይኖራሉ። እሱ የሚሆነው ቆዳው ራሱን መሰብሰብ ለሚችል ሰው ነው። የእኛ ዓይነቱ ቆዳ የባሰ ባዶ ከረጢት ይሆናል።

የዕለቱ ነገር ብዙ አይወራለትም። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጡኝ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፣ ማታ ቤቴ ገባሁ። በየክንዴ ፈሳሽ የምታወጣ ቀጭን ቱቦ ነበረች፣ በስድስተኛው ቀን ወጣችልኝ። ከሕመሙ ይልቅ ውጥረቱ ነው የሚያስቸግረው። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣቶቼ ሁሉ አበጡ። ቀለበቴን ቀድሜ ማውለቄ በጀኝ። ክንዴን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ በጀርባዬ ነበር የምተኛው። አጥብቆ የሚይዘውን እጅጌ ለስድስት ሳምንት ለበስኩ።

ማንም ያልነገረኝ፣ ክንድ ወደ ላይ እንደማይነሳ ነው። ፀጉርሽን ማበጠር አትችዪም። ቲሸርት በራስሽ ማጥለቅ አትችዪም። አክንባሎ ማንሳት፣ ሊጥ ማማሰል፣ የሞላ ጀበና ማዘንበል፣ ሁሉም ይቀራል። ከዕለቱ በፊት ሹሩባ ተሠሪ። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ግዢ። ለሁለት ሳምንት እጅ የሚሆንሽ ሰው ካላገኘሽ ቀኑን አትያዢ። እኔን እናቴ ነበረች የምታጎርሰኝ።

ከክርኔ በታች ያለው ቆዳ ለወራት ደንዝዞ ነበር። እዚያ የሚያልፍ የስሜት ነርቭ ስላለ ነው። አሁንም የአውራ ጣት ያህል ቦታ አይሰማኝም።

ሥራሽን በተመለከተ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው በአንድ ሁለት ሳምንት ይመለሳል። አንቺ ግን ሰው ታነሻለሽ፣ ስድስት ሳምንት ያዢ። እዚህ ላይ እኔ ሕጉ ያሳርፈኛል ብዬ ተሳስቼ ነበር። የ1993ቱ የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ሥራ ጠብቆ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ያሳርፋል። ለውበት የሚደረግ ሰርጀሪን ግን ሆስፒታል ካላሳደረ ወይም ችግር ካላመጣ በአብዛኛው አያካትትም። የዓመት ፈቃድሽን ቀድመሽ አጠራቅሚ። ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ቢሆንም ላቡ የሚያቆስልሽን ለሐኪምሽ አሳይተሽ ፋይልሽ ላይ አስጽፊው።

መልስ፦ ከሪያድ

እኔ ርካሽ ነው ብዬ ሌላ አገር ሄጄ ነው የተሠራሁት። ስሙን አልጠራም። በስምንተኛው ቀን አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ቤቴ ስደርስ ብብቴ ሥር ስፌቱ ተከፍቷል። ፎቶ ልኬ ደወልኩ፣ መልስ የሚሰጠኝ ጠፋ። እዚህ ያገኘሁት ሐኪም "ያልሠራሁትን አልነካም" አለኝ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ እያጠበችልኝ በአምስት ሳምንት ተዘጋ። እህቴ፣ የሠራሽ ሰው በቅርብሽ ይሁን።

መልስ፦ ከዳላስ፣ ነርስ ነኝ

የአሌክሳንድሪያዋ እህት ጥሩ አድርጋ ጽፋዋለች። ብብት ላይ መከፈት የተለመደ ነው፣ እርጥበትና እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ስለሆነ። ሐኪሙ በአሜሪካን ቦርድ ኦፍ ፕላስቲክ ሰርጀሪ የተመሰከረለት መሆኑን በቦርዱ ድረ ገጽ አረጋግጪ። "ኮስሜቲክ ሰርጀን" (የውበት ቀዶ ሐኪም) የሚለውን ስም በፕላስቲክ ሰርጀሪ ያልተመሰከረለት ሐኪምም ሊጠቀምበት ይችላል። ኪሎሽ ቢያንስ ለስድስት ወር ሳይወርድ ሳይወጣ የቆየ ይሁን። ከጨጓራ ሰርጀሪ በኋላ አይረንና ቢ12 ሊያንስ ስለሚችል ቀድመሽ ተመርመሪ። ትኩሳት፣ መግል፣ አንዱ ክንድ ብቻ በድንገት ማበጥ፣ የእግር ባት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ጠያቂዋ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሦስታችሁንም። ስለ መስመሩ ያነበብኩት ልቤ ውስጥ ገባ። ሐሙስ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ አስምርልኝ እለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ያሰብኩት ሁዳዴ ላይ ነበር፣ ሥራ ቀለል ስለሚል። ይሆናል?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

ባይሆን ይሻላል። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። የእኛ ጨጓራ ደግሞ ትንሽ ነው፣ በሽሮና በምስር ብቻ መሙላት ይከብዳል። እኔ የነፍስ አባቴን ስጠይቅ የታመመ ሰው አይገደድም አሉኝ፤ ልቤ ግን አልፈቀደም፣ ከፋሲካ በኋላ አደረግኩት። ጸበልም ቢሆን ቁስሉ እስኪዘጋ ክንድሽን እንዳይነካው።

ቀኑን ስትቆርጪ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ከእኔ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፣ ከዋዜማው ቀን በፊት መጥቼ ሹሩባውን እሠራልሻለሁ።