ኪቦርዱ ከሳክሱ ጋር አልገጥም አለ፤ ሰርጉ ዛሬ ነው!

የክራር ልጅ (ጠያቂ)፦
የድሬ ሙዚቀኞች ድረሱልን! ሳቢያን ሰርግ አለብን፤ 11 ሰዓት ላይ መጀመር አለብን። ኪቦርዱ ተበላሽቷል። እሱም ሳክሱም (ሳክሶፎኑ) እኩል «ሲ» የምትባለዋን ድምፅ ሲሉ ጆሮ ይበጥሳል። ትናንት ልምምድ ላይ ደህና ነበር። ከከዚራ በባጃጅ ሲመጣ ተንገጫግጮ መሰለኝ። በዚያ ላይ መሃል ያለችው የኤፍ ቁልፍ ቀስ ብለው ቢነኳትም ትጮሃለች። ዛሬውኑ የሚጠግን ሰው የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።

ሳቢያን 02፦
አጥፍታችሁ አብሩት። እምቢ ካለ ፋክተሪ ሪሴት (ከፋብሪካ እንደወጣ) አድርጉት። ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል።

አቦ ድሬ፦
ኤፏን ተዋት ትጩህ አቦ! ሰርግ አይደል እንዴ፣ ከእልልታው ጋር ትቀላቀላለች። 😀 እንኳን ደስ አላችሁ በሉልን።

መምህር፦
ልጆች ረጋ በሉ። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። ከመሃለኛዋ ሲ በላይ ያለችው ኤ በሴኮንድ 440 ጊዜ ትርገበገባለች፤ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ፣ እስከ ቀጣይዋ ኤ ስትሄዱ 880 ይሆናል። በሁለቱ መካከል 12 እኩል እርምጃዎች አሉ። ስለዚህ ከየትኛውም ቁልፍ ብትነሱ፣ አረማመዱን እስካልለወጣችሁ ድረስ ዜማው ያው ነው። ከኤፍ ሻርፕ (ከኤፍ በስተቀኝ ካለው ጥቁር) ተነስታችሁ አምስቱን ጥቁሮች ብቻ በተራ ንኩ፤ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይወጣላችኋል። ከሲ ስትነሱ ደግሞ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ኪ (ዜማው የሚነሳበት ድምፅ) ሲቀየር ከፍታው ይቀየራል እንጂ ቅኝቱ አይቀየርም። ትዝታን ወደ ባቲ የሚወስደው የእርምጃዎቹ ስፋት መለወጥ ነው።

ወይዘሪት ድምፅ፦
መምህር፣ በአክብሮት፣ ኪቦርድ ላይ ልክ ነዎት። ለእኛ ለዘፋኞች ግን ኪ ማለት ሌላ ነገር ነው። በሲ ተመችቶኝ የምዘፍነው ዘፈን ሁለት እርምጃ ከፍ ሲል ከላይ ያለው ቦታ ላይ አንገቴ ይገታተራል፤ ድምፄም ይቀጥናል። ዝቅ ሲል ደግሞ ታች ያሉት ቃላት አይሰሙም። ክራርም እንደዚያው ነው፤ ክሩ ሲላላ ድምፁ ይደፈናል፣ ሲወጠር ይሳላል። «ሁሉም ኪ አንድ ነው» እየተባለ ስንት ዘፋኝ መድረክ ላይ ታንቋል!

የለገሀሬው፦
ጠያቂው፣ ኪቦርዱ ተበላሽቷል ያለው ማነው? ከክራሩ ጋር ይገጥማል? ትራንስፖዙ (ኪቦርዱን በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው) ስንት ላይ ነው? ሳክሱስ የትኛው ዓይነት ነው፣ አልቶ ነው ቴነር?

የክራር ልጅ፦
ከክራሩ ጋር ይገጥማል። ትራንስፖዝ 0 ነው። ሳክሱ አልቶ። ልጁ ዛሬ ነው ከሐረር የመጣው። ቶሎ በሉ፣ ሞንታርቦ እየተገጠመ ነው።

መጋላ፦
ሪሴት አድርጉት ተባለ እኮ።

የለገሀሬው፦
ሪሴት እንዳታደርጉ! ኪቦርዲስቱ የራሱን ምት ሰርቶ ካስቀመጠ ሊጠፋበት ይችላል። ቺክቺካውን ከየት ታመጡታላችሁ?

ኪቦርዳችሁ ደህና ነው። የአልቶ ሳክስ «ሲ» በኪቦርድ ኢ ፍላት (ከኢ በስተግራ ያለው ጥቁር) ነው። መሣሪያው የተሠራው እንደዚያ ነው፤ ከልጁም አይደለም። የኪቦርዱ ሲ ደግሞ ለሳክሱ ኤ ነው፤ ስለዚህ ኪቦርዱ በሲ ሲጫወት ሳክሱ በራሱ አጠራር በኤ ይጫወት። በጂ ከሆናችሁ እሱ በኢ። በኤፍ ከሆናችሁ እሱ በዲ። ይህቺን ጻፉና ማይክ ስታንዱ ላይ ለጥፉለት።

አቦ ድሬ፦
ምን ያደክማል? ትራንስፖዙን +3 አድርገው ሁለቱም ሲ ይበሉ።

ወይዘሪት ድምፅ፦
ክራሩስ? ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ሲወጠር ክር ይበጠሳል። ዘፋኙም አብሮ ሦስት ከፍ ሊል ነው። ኪ የሚመረጠው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው፣ ሌላው ይከተለዋል። እባካችሁ እሱን ጠይቁት።

ጠጋኙ (አሸዋ)፦
የኤፏን ነገር ልንገርህ ወንድሜ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጎማ አለ፤ ጎማው ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ስትጫን አንዱ ቀድሞ ቦርዱን ይነካል፣ ሌላው ይከተላል። ማሽኑ በመሃል ያለውን ጊዜ ይለካል፦ ከረዘመ ቀስ ብለህ ነክተሃል፣ ካጠረ በኃይል መትተሃል ይላል። የድሬ አቧራ እዚያ ሲገባ አንደኛው ነጥብ በወጉ አይነካም፤ ያኔ ማሽኑ ሁልጊዜ በኃይል የተመታ ይመስለዋል። የምትጮኸው ለዚህ ነው።

ዛሬ አትክፈቱት። ብሎን ከወደቀ ሰርጉ አለቀ። ሴቲንግ ውስጥ «ተች» የሚለውን (የአነካክ ኃይል የሚለካውን) አጥፉት፤ ሁሉም ቁልፍ እኩል ድምፅ ያወጣል፣ ኤፏም ትረጋጋለች። ከሰርጉ በኋላ አምጡት፤ ጎማውንም ቦርዱንም በንጹሕ አልኮል እጠርጋለሁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንዳታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይበላል።

መምህር፦
አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሙቀት የሳክስ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኪቦርድ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተስተካክላችሁ እንዳትወጡ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሳክሱ ትንሽ ከተነፋ በኋላ ነው የሚስተካከለው። ከኪቦርዱ በላይ ከሆነ ልጁ የሳክሱን አፍ (የሚነፋበትን ጫፍ) ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ ያድርገው። ክራሩንም እዚያው ቃኙት።

ዲቾ፦
የኛ ሳክስ ቴነር ነው። ለኛም በኤ ነው?

የለገሀሬው፦
አይደለም። የቴነር «ሲ» በኪቦርድ ቢ ፍላት ነው። ኪቦርዱ በሲ ከሆነ ቴነሩ በዲ ይጫወታል። ጠያቂው፣ ገጠመላችሁ?

መጋላ፦
አሁንም ካልሆነላችሁ ትርፍ ኪቦርድ አለኝ፣ በውስጥ አውሩኝ። ስታንድ ግን የለውም።