«እሷማ ገና ረዳት ናት»

የማርቆስ ልጅ፦
ትናንት ማርቆስ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ነገር ተነሳ። አብራሪ ናት። አንድ ዘመዳችን «እሷማ ገና ረዳት ናት» አሉ። ቀጠሉና «ካፒቴኑ እያለ ረዳት ለምን ሰው ይዛ ታሳርፋለች?» አሉ። ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ፤ ግን አንጀቴ አረረ። «ረዳት» ሲባል ሰው የሚታየው አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ባህር ዳር! ባህር ዳር!» የሚለው ልጅ ነው። ልጅቷ እኮ ፈርስት ኦፊሰር ናት፤ ከካፒቴኑ ጋር የምታበር ሁለተኛ አብራሪ።

የቡሬው፦
ሰውየው ምን አጠፉ? ዜናውም «ረዳት አብራሪ» ነው የሚለው። ረዳት ይረዳል፣ ዋናውን አይሠራም። እኔ ነፍሴን የማምነው ለካፒቴኑ ነው።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ፈቃድ አላቸው። ለዚያ አውሮፕላን ሁለቱም ተፈትነዋል። በአንዱ በረራ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ሬዲዮ ይይዛል፣ መሣሪያውን ይከታተላል። በሚቀጥለው ይቀያየራሉ። ካፒቴኑ ግራ ወንበር ላይ ነው፤ አራት መስመር ትከሻው ላይ አለ፤ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። እሷ ቀኝ ናት፣ ሦስት መስመር። አዲስ ከሆነች ደግሞ የምትበረው ከአስተማሪ ካፒቴን ጋር ነው።

የቡሬው፦
«አስተማሪ» አልክ! አስተማሪ ካለ ተማሪ አለ። ተማሪ ካለ እኔ መለማመጃ ነኝ። ራስህ አመንክ።

ጣና ዳር፦
ተማሪ አላልኩም። ሲሙሌተሩን፣ መሬት ላይ በረራን አስመስሎ የሚያለማምደውን መሣሪያ፣ ጨርሳ፣ ፈቃዷን ይዛ ነው የምትገባው። ለካፒቴንነት የሚያበቃው ፈቃድ በዓለም አቀፉ ደንብ ቢያንስ 1,500 ሰዓት በረራ ይጠይቃል። ቀኝ ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ከተቀመጠች ያንን ከየት ታምጣው? ሰዓቱ ቢሞላ እንኳ ወረፋ አለ፣ ሌላ ስልጠና አለ፣ ሌላ ፈተና አለ።

ዲያቆኑ፦
ዋሸራ ወይ ዲማ ቅኔ ቤት ያደረ ሰው እንዲህ አይልም። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ የኔታ ፊት ይነግራል። የኔታ ያርማሉ። ሲበስል አስነጋሪ፣ የየኔታ ረዳት መምህር፣ ይሆናል። የኔታ ብቻቸውን ሲቀኙ ቢኖሩ ማን መምህር ይወጣ ነበር?

የቡሬው፦
ቅኔ ቢበላሽ የኔታ ያርሙታል። መሬት ሊነካ የደረሰ አውሮፕላን ማን ያርመዋል?

ጣና ዳር፦
ካፒቴኑ ነዋ! እሱም ፊት መሪ አለ። ካልተመቸው «እኔ ይዣለሁ» ይላል፣ ትለቅለታለች። እሱ ሲያሳርፍ ደግሞ አቀራረቡ ካላማራት «እንደገና እንነሳ» የምትለው እሷ ናት። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብላ የምትረዳ አብራሪ ናት።

የማርቆስ ልጅ፦
አምሳለ ጓሉስ? የባህር ዳር ልጅ ናት። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆና ኪው 400 የሚባለውን አውሮፕላን ይዛ ጎንደርና አክሱም በረረች። ከዚያ በፊት ለዓመታት ቀኝ ወንበር ላይ ነበረች። ያኔም «ረዳት ናት» ተብላ ነበር ማለት ነው። የጎጃም ልጅ እንዲህ ሲባል አልወድም።

አባይ ማዶ፦
ባህር ዳርን አሁን ደርሶ ጎጃም አደረግከው? ሌላ ጊዜ ማርቆስ ብቻ ነበር ጎጃም የምትሉት።

የማርቆስ ልጅ፦
መቼ አልኩ? ከመቼ ወዲህ ነው ባህር ዳር ከጎጃም የወጣው?

እማማ ዳሞት፦
ልጆቼ፣ እኔ መስከረም 5 ቀን 1981ን አልረሳም። ከባህር ዳር የተነሳው አውሮፕላን ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ገባባቸው። 35 ሰው አለቀ። ግን ብዙ ሰው ደግሞ ተረፈ። ያን ጊዜ ፊት ለፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚያች ደቂቃ ማን ማንን ረዳ ትላላችሁ?

የቡሬው፦
እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ሁለት ሰው አያስፈልግም አላልኩም። ስለ «አስተማሪው» ግን እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።

ጣና ዳር፦
ሰጥቻለሁ። ወደ ላይ ተመልሰህ አንብብ።

የቡሬው፦
አንብቤዋለሁ። «አስተማሪ» ይላል።