የዕቅድ ውይይት፦ ለደሴ የብሮንኮስኮፒ (የአየር ቧንቧን ውስጥ በመሣሪያ የማየት) ክፍል የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

የሳንባ ሐኪም፣ ደሴ፦
ጤና ይስጥልን። በመጀመሪያው ረቂቅ የገቡት ሌዘርና ስቴንት (የጠበበ የአየር ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ይውጡ ባይ ነኝ። ባቄላ ትን ያለው ሕፃን፣ በከንፈሯ የያዘችውን የሂጃብ ስፒል ወደ ውስጥ የሳበች ልጅ ስትመጣ 400 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቅርብን። መጀመሪያ ይህን እዚሁ እንሥራ። ግትር ብሮንኮስኮፕ (ወደ አየር ቧንቧ የሚገባ ቀጥ ያለ ቱቦ) ለሕፃናት ቁጥር 3.5፣ 4 እና 5፣ ለአዋቂ አንድ፣ ዜሮ ዲግሪ ቴሌስኮፕና ሁለት ዓይነት ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) እንጠይቅ። ሁለት ያልኩት አለምክንያት አይደለም። ባቄላ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላላል፤ በጠንካራ ጥርስ ሲጨመቅ ይፈረካከስና ቁራሹ ወደ ጤነኛው ሳንባ ይሄዳል። ስፒል ግን ጠበቅ አድርጎ የሚነክስ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የስፒሉ ራስ ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ስለሚሆን ሹሉን ቱቦው ውስጥ ከትቶ ነው ማውጣት።

የሕፃናት ሐኪም፣ ሐይቅ፦
ለጤና ጣቢያዎች አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፦ ድንገት ትን ብሎት ሳል የያዘው ልጅ ራጁ ንጹህ ነው ተብሎ አይመለስ። ባቄላ በራጅ አይታይም።

የሰመመን ባለሙያ፣ ወልዲያ፦
ዶክተር፣ ሐሳብዎን እደግፋለሁ። ግን ረቂቁ «ኦክስጅን» ብሎ አልፎታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር የሕፃኑ ኦክስጅን ቶሎ ይወርዳል። ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን አጣርቶ የሚሰጥ ማሽን) አይበቃንም፤ ሁለት ሙሉ ሲሊንደርና ከብሮንኮስኮፑ የጎን ቀዳዳ የሚገጥም ማገናኛ ይጻፍ። ማደንዘዣው ሊዶካይንም በኪሎ ከ7 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ ለ10 ኪሎ ልጅ የ2 ፐርሰንቱ 3.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ በስፕሬይ የተረጨውም ተደምሮ።

የመሣሪያ እጥበት ሲስተር፣ ኮምቦልቻ፦
እጥበቱስ? ተጣጣፊውን ስኮፕ (ብሮንኮስኮፕ) ቀዳዳ እንዳለው ሳይፈትሹ ፈሳሽ ውስጥ መንከር መሣሪያውን መግደል ነው። ፍተሻ፣ ኢንዛይም ባለው ሳሙና በብሩሽ ማጠብ፣ 2 ፐርሰንት ግሉታራልዴሃይድ (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ማለቅለቂያው የቧንቧ ውሃ ከሆነ በውሃው ያለ ማይኮባክቴሪያ (የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያ) ከቀጣዩ ታካሚ አክታ ጋር ይቀላቀልና በማይክሮስኮፕ የሌለ ቲቢ ይነበባል። ስቴራይል ውሃ፣ 70 ፐርሰንት አልኮል፣ ስኮፑ ተሰቅሎ የሚደርቅበት ቁም ሳጥን በጀት ይያዝላቸው።

የሳንባ ሐኪም፣ ደሴ፦
ሲስተር፣ እጥበቱ ከስኮፑ ግዢ በፊት ይቀመጥ፤ ተቀብያለሁ። ቲቢ ያጠበበውን የአየር ቧንቧ በባሉን ማስፋት ሁለተኛ ምዕራፍ ይሁን። ስቴንት ግን ሥጋ ስለሚያበቅልበት፣ አክታም ስለሚዘጋው ተመላልሶ ማየት ይጠይቃል፤ ክትትሉን ሳናደራጅ አንትከለው። የሲሊንደሩንና የማገናኛውን ዝርዝር የወልዲያው ባለሙያ ይላኩልኝ፣ ሐሙስ አጠቃልዬ እለጥፋለሁ።