የገና መብራት ከተጠመጠመበት ወዲህ የጎበጠ አራውካሪያ፤ ምን ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። የቤት ውስጥ ተክል የምታውቁ፣ ታኅሣሥ 29 ሳይደርስ እባካችሁ መላ በሉኝ።

ቦታው አዳማ ነው። ተክሉ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ያለው አራውካሪያ (ቅርንጫፉ በእርከን የሚወጣ፣ ጥድ የሚመስል ተክል) ሲሆን ለገና ዛፍነት ከበረንዳ ወደ ሳሎን ገብቷል። 10 ሜትር የኤል ኢ ዲ መብራት፣ 14 የፕላስቲክ ኳስና በረዶ እንዲመስል ጥጥ አለበት (አዳማ ላይ በረዶ፣ ቀልድ ነው እንግዲህ)። በ5ኛው ቀን የታችኞቹ ሁለት እርከን ቅርንጫፎች ጎበጡ፤ ጫፋቸውም ቡናማ ሆነ።

ያየሁት ይህ ነው። መብራቱ ሲነካ አይሞቅም፣ ስለዚህ ቃጠሎ አይመስለኝም። ኳሶቹ ግን ሁሉም ቀጭኑ ጫፍ ላይ ነው የተንጠለጠሉት። ጣት ሲገባ አፈሩ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነው። መስኮቱ 3 ሜትር ይርቃል፣ ከላይ ደግሞ ቬንቲሌተር ይዞራል፤ አራውካሪያ ደረቅ ነፋስ አይወድም፣ የበጋው አየር ደግሞ ራሱ ደረቅ ነው። ጥጡም ቅጠሉን ከብርሃን ከልሎታል።

የሚያሳስበኝ፣ የዚህ ተክል የታች ቅርንጫፍ አንዴ ከደረቀ በቦታው ሌላ አያበቅልም።

መብራቱን ግንዱ ላይ ብቻ ጠምጥሜ፣ ኳሶቹን ወደ ግንዱ አስጠግቼ፣ ጥጡን ባነሳ ይበቃል? ወይስ ዛሬውኑ ሁሉንም አውልቄ ወደ መስኮቱ ልውሰደው? ቡናማውን ጫፍ ልቁረጠው ወይስ ልተወው? ውሃስ በአንዴ ላርካው ወይስ ቀስ በቀስ?