ልጅ እናቱን ሲያስታምም መንግሥት ይክፈለው?

አወያይ፦ አሜሪካ ለምንኖር ሁላችን አንድ ቀን የሚደርስብን ነገር ስለሆነ እንከራከርበት። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬይድ፣ አቅም ለሌለው አዛውንት የነርሲንግ ሆም (የመጦሪያና የመታከሚያ ተቋም) ወጪ ይከፍላል። ይህ በየስቴቱ ግዴታ ነው። ቤት ድረስ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ ሰው መላክ ግን በአብዛኛው በስቴቱ ፈቃድ ነው። በብዙ ቦታ ኮታ አለው፤ ኮታው ሲሞላ ወረፋ ነው። ብዙ ስቴቶች ደግሞ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ወላጁን ተንከባክቦ ደመወዝ እንዲያገኝ ይፈቅዳሉ። እኔ ይከፈል ባይ ነኝ። እናንተስ?

የእማማ ልጅ፦ ይከፈል እንጂ! እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ የሥራ ሰዓቴን በግማሽ ቀንሻለሁ። የቤት እንክብካቤ ድርጅቱ (ኤጀንሲው) የሚልካት ልጅ ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። ግን እሷ አማርኛ አትሰማም፣ እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ውሃ ስትጠይቃት ብርድ ልብስ ታመጣላታለች። ለእሷ የሚከፈለው ለእኔ ቢከፈል መንግሥት ምን ይጎድልበታል?

ታክሲ ነጂው፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ግን አልስማማም። ወላጅ መጦር ከመቼ ወዲህ ነው በሰዓት የሚከፈልበት? እኔ ቀኑን ሙሉ እየነዳሁ ግብር የምከፍለው፣ ሰው የገዛ እናቱን ምሳ እንዲያበላ ነው? ደግሞ በሩ ሲከፈት ሌባው ብዙ ነው። በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በሆም ኬር (በቤት እንክብካቤ) ማጭበርበር ከ20 በላይ ሰው መከሰሱን ረሳችሁት?

የሜሪላንድ ነርስ፦ ወንድሜ፣ በዚያ ክስ የኤጀንሲ ባለቤቶችም ነበሩበት። ሌብነቱ ልጅ ስለተቀጠረ የመጣ አይደለም። በ2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ የሠራተኛው መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ያለበትም ቦታ በኤሌክትሮኒክስ እንዲመዘገብ ያስገድዳል።

ይልቅ ሰው የሚቃጠልበት ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአዛውንት የሆነው የፌዴራል የጤና መድን፣ ሁሉን የሚከፍል ይመስለናል። ሜዲኬር ቤት ድረስ ነርስ የሚልከው ሐኪም ሲያዝ፣ በሽተኛው ከቤት መውጣት ሲከብደውና የባለሙያ ሥራ ሲኖር ነው። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ፣ ፊዚዮቴራፒ። ያውም ለአጭር ሰዓት። የሚያስፈልገው ገላ ማጠብና ማብላት ብቻ ከሆነ አይከፍልም። ከሆስፒታል ወጥቶ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለማገገምም በመደበኛው ሜዲኬር ሰውዬው 3 ተከታታይ ቀን በሕግ "የተኛ" መሆን አለበት። 3 ቀን አልጋ ላይ ውሎ አድሮ ወረቀቱ "ኦብዘርቬሽን" (ለክትትል ብቻ የቆየ) ካለ አይቆጠርለትም! በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፦ አባቴ ተኝቷል ወይስ ኦብዘርቬሽን ላይ ነው? ቢሳካም ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው 20 ቀን ነው። እስከ 100ኛው ቀን ድርሻችሁን ትከፍላላችሁ። ከዚያ በኋላ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

አወያይ፦ ሜዲኬይድም ቢሆን ድሮ ከዚህ የባሰ ነበር። የአይዋዋ ኬቲ ቤኬት በሕፃንነቷ ታማ በመተንፈሻ ማሽን የምትረዳ ልጅ ነበረች። ሆስፒታል እስከተኛች ድረስ ሜዲኬይድ ይከፍላል። ቤቷ ከገባች ግን የወላጆቿ ገቢ ስለሚቆጠር ይቋረጥባታል። ወላጆቿ ሊወስዷት ይፈልጋሉ፣ ሐኪሞቹ ፈቅደዋል፣ ደንቡ አስሯታል። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1981 በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ጉዳዩን አነሱት። ሆስፒታሉ በወር 6,000 ዶላር፣ ቤቷ ብትሆን 1,000 ዶላር ብለው። ዛሬ "ዌይቨር" የምንለው የቤት እንክብካቤ ፈቃድም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ሬገን ደግሞ ለመንግሥት ወጪ እጃቸው የሚፈታ ሰው አልነበሩም፣ ታክሲ ነጂው።

ሆም ኬር ሠራተኛ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ እናታችሁ ነው። ስለ እኛስ? የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለአብዛኞቻችን የደረሰው በ2015 ነው። በ2024 ደግሞ ለቤት እንክብካቤ ከሚከፈለው የሜዲኬይድ ገንዘብ 80 በመቶው ለሠራተኛው እንዲደርስ ደንብ ወጣ፤ ግን ሥራ ላይ እንዲውል የ6 ዓመት ጊዜ ተሰጠ። ልጅ ሲቀጠር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ልጅ እናቱን ጥሎ አይሄድም። አነሰኝ ብሎ ሥራ አያቆምም። ኤጀንሲ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ታዲያ የእኛ ደመወዝ በየት በኩል ይነሳል?

የእማማ ልጅ፦ ለሁለታችንም ይጨመር እንጂ እኔ ለምን ልከልከል?

ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጆቼ፣ ስለ እኛ ስትከራከሩ እኛን የጠየቀ የለም። እኔ ልጄ ገላዬን እንድታጥበኝ አልፈልግም። ትምጣ፣ ቡና ታፍላልኝ፣ ታጫውተኝ። የማጠቡን ሥራ ደመወዝ የሚያገኝበት ባዳ ይሥራው። አታዝንብኝም፣ እኔም አላፍርባትም። የሚከፈላት ከሆነ ደግሞ ስንጣላ ማን ማንን ሊያባርር ነው?

ከአዲስ አበባ፦ እናንተ በክፍያው ትጣላላችሁ። እዚህ መንግሥት ሆስፒታል ማብላቱም፣ ማገላበጡም፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ መምጣቱም ብዙ ጊዜ የአስታማሚ ሥራ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣው ኮሪደር ላይ ያድራል። የሚከፍለው የለም፤ ቀን ሥራውንም ጥሎ ነው የመጣው። ወጪው አልጠፋም፣ ድሃው ላይ ነው ያረፈው። ታክሲ ነጂው "ግዴታችን ነው" ሲል ይህንንም ያስብ።

አዲስ መጤ፦ ይቅርታ፣ እናቴን ዘንድሮ ነው በግሪን ካርድ ያመጣኋት። 70 ዓመቷ ነው። ይመለከታታል?

የሜሪላንድ ነርስ፦ በግሪን ካርድ የመጣ ወላጅ ለፌዴራሉ ሜዲኬይድ በጥቅሉ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። አሜሪካ ሠርታ ካላወቀች ሜዲኬርም ከ5 ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት በኋላ ወርኃዊ ክፍያ እየከፈለች ነው የምትገባው። አንዳንድ ስቴት የራሱ ፕሮግራም ስላለው እዚያው ጠይቂ። ሌላም ልጨምር። ከ1993 ወዲህ ስቴቶች 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ለነርሲንግ ሆምና ለቤት እንክብካቤ ያወጡትን ገንዘብ፣ ሰውዬው ሲሞት ከውርሱ እንዲያስመልሱ ይገደዳሉ። ቤትም ይነካል።

ታክሲ ነጂው፦ ቆይ፣ ቤቱንም? ታዲያ ልጅየዋ አስታምማ አስታምማ ባዶ እጇን ልትቀር ነው?

የሜሪላንድ ነርስ፦ ለዚያም አንቀጽ አለው። እናትየው ነርሲንግ ሆም ከመግባቷ በፊት ልጅየዋ ቢያንስ 2 ዓመት እዚያው ቤት ኖራ ከተንከባከበቻት፣ በዚያም ምክንያት መግባቷ ከዘገየ፣ ቤቱ ለልጅየዋ ቢዛወር ሜዲኬይድ "ንብረትሽን አሳልፈሽ ሰጥተሻል" ብሎ እናትየውን አይቀጣም። እንግዲህ የፌዴራሉ ሕግ ራሱ የልጅ ማስታመም ዋጋ እንዳለው አምኗል ማለት ነው።

ታክሲ ነጂው፦ እሱ እሺ። በሰዓት መክፈሉን ግን አሁንም አልቀበልም። ማስረጃ ምን ይጠይቃሉ?

የሜሪላንድ ነርስ፦ የሐኪም ደብዳቤና በዚያ አድራሻ መኖሯን የሚያሳይ ወረቀት። ከዛሬ ጀምራ ትሰብስብ፤ እናቷ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ማን ጊዜ አለው?